እሱ ሲነካው የሚሠራው ማሽን

ጠጋኙ ከማንም ጋር ተጣልቶ የማያውቅ ሰው ነው። የጫማ ካርቶን በምታክል ፕሪንተር የተነሳ፣ የሚወዳትን ሴት ደጅ ላይረግጥ የማለ ቀን ግን ከራሱ ጋር ተጣላ።

ታሪካቸውን ዛሬ ለሚጀምር ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። በዋናው መንገድ ዳር፣ ከጫማ መደብሩ አጠገብ አንድ መድኃኒት ቤት አለ። ባለቤቲቱ ባላቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ልጅ ያሳደጉ፣ ልጅ ያስተማሩ፣ ቤቱንም እንዳይዘጋ ተናንቀው ያቆሙ ሴት ናቸው። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፋርማሲስት ሆና ወጣችና ነጭ ጋዋን ለብሳ ከባንኮኒው ኋላ ቆመች። ሒሳብ የሚቀበሉት የእናትየው ታናሽ እህት ናቸው፤ ቀልዳቸው ከሽሮፑ ይልቅ ሳል ያቆማል ይባላል።

በዚህ ቤት መድኃኒት ሲሸጥ በኮምፒውተር ይመዘገባል። ፋርማሲስቷ ሶፍትዌሩ ላይ መድኃኒቱ የማን እንደሆነ፣ መቼና እንዴት እንደሚወሰድ ትጽፋለች፤ ከዚያ እዚያው ሆና ስታዝዘው ትንሿ ፕሪንተር ሌብሉን ታወጣለች። ሌብሉ ዕቃው ላይ ተለጥፎ ለሕመምተኛው ይሰጣል። አንድ ጠዋት ታዲያ ሌብሉ ተዘበራርቆ ወጣ። ቃል የለው፣ መስመር የለው፤ ቁጥርና ምልክት ተደበላልቆበት፣ ጉንዳን ቀለም ረግጦ የሄደበት ወረቀት መሰለ።

ጠጋኙ ተጠራ። ማሽኑን አጠፋ፣ ገመዱን ነቀለ፣ አቧራውን አራገፈ፣ መልሶ አበራ። ጥርት ያለ ሌብል ወጣ። ተመሰገነና ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ያው መዘበራረቅ። ተጠራ፣ መጣ፣ ሠራ፣ ሄደ። በማግስቱም ያው። የሶፍትዌሩ ሰዎች በስልክ ሲጠየቁ ከእኛ በኩል ችግር የለም አሉ፤ ያንኑ ሌብል ጓዳ ወዳለው ትልቁ ፕሪንተር ሲልኩት እውነትም ኩልል ብሎ ወጣ። ትንሿ ፕሪንተር ደግሞ ራሷን እንድትፈትሽ ስትታዘዝ የራሷን ጽሑፍ አንድ ፊደል ሳታዛንፍ ታትማለች። ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ሲገናኙ ነው የማይግባቡት።

ማሽኑ በተበላሸ ቁጥር ግን ሌላ ነገር እየተሠራ ነበር። እሱ ባንኮኒው ሥር ሲንበረከክ በስልኳ መብራት የምታበራለት እሷ ነበረች። ብሎን ሲወድቅበት አብራው ትፈልጋለች። አንዴ ለሙከራ የሆነ ነገር ጻፊበት ቢላት፣ የወጣው ሌብል «ሻይ ጠጥተሃል?» ይል ነበር። እሱ በአፉ መመለስ አፍሮ፣ በሁለት ጣቱ እየለቀመ «ገና ነኝ» ብሎ ጻፈና አተመላት። ያንን ሌብል ከጋዋኗ ውስጥ፣ በደረቷ በኩል ስትለጥፈው አይቶ ብሎኑን በተቃራኒው ማጥበቅ ጀመረ።

ያየው እሱ ብቻ አልነበረም። እናትየው መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ሁለቱን ተራ በተራ ተመለከቱ። ከዚያ ለእህታቸው፣ እሱ እንዲሰማ አድርገው፣ «ባለ መፍቻው ሲኖር ይሠራል፣ ባለ መፍቻው ሲሄድ ይበላሻል። ይሄ ማሽን ነው ወይስ ፍቅረኛ?» አሉ። የሳቀ ሰው አልነበረም፤ እሳቸውም ለማሳቅ አላሉትም። ልጃቸውን አምስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆመ የፕሪንተር ጠጋኝ እንዲወስዳት አይደለም ያስተማሯት። በማግስቱ ስልክ ደወሉለት። ሆን ብለህ እያበላሸህ ወደ ልጄ መመላለሻ አድርገኸዋል፤ ውሸት ከሆነ ደጄን ላትረግጥ ማልልኝ አሉት። እሱም ንጹሕነቱ የሚታወቅለት መስሎት ማለ።

ከልጅቷ ጆሮ የደረሰው ግን ግማሹ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ አልመጣም ብሎ ማለ የሚለው።

*

የጠጋኙ ሱቅ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር የተቀለሰች ጠባብ ክፍል ናት። ከወለል እስከ ጣሪያ የሞቱ ፕሪንተሮች ተደርድረዋል፤ የአንዱ ጎማ ለሌላው፣ የሌላው ጥርስ ለሌላው እየሆነ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይኖራሉ። እዚያ ውስጥ ሴት ገብታ አታውቅም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ድንገት ሲጋረድበትና ቀና ሲል፣ በሩ ላይ የቆመችው እሷ መሆኗን ለማመን መፍቻውን ማስቀመጥ ነበረበት።

ጋዋኗን አላወለቀችም። የግራ መዳፏን ከፍታ ዘረጋችለት፤ መዳፏ ላይ የተዘበራረቀ ሌብል ተለጥፏል።

«አንብብልኝ» አለችው።

«አይነበብም።»

«የአንተም ነገር እንዲሁ ሆኖብኛል።»

መቀመጫ ፈልጎ ዞረ። ያገኘው አንድ ዕቃው ተነቅሎ ቀፎው የቀረ የፎቶ ኮፒ ማሽን ነበር፤ በእጅጌው ጠረገላት። አልተቀመጠችም። ነገ ረፋድ ላይ እንደምትሄድ ነገረችው፤ አጎቷ ዘንድ፣ ሌላ ከተማ ወዳለው መድኃኒት ቤታቸው። ማሽኑ ሥራ ካቆመ ጀምሮ ሌብሉን ሁሉ በእጇ ነው የምትጽፈው፤ ሕዝቡ እየተሰለፈ ያጉረመርማል። እናቷ ታዲያ እዚህ ማሽኑም አልሠራ፣ አንቺም ልብሽ አልሠራ፣ እዚያ ሂጂና ሁለቱም ይስተካከሉ ብለዋል። ሻንጣዋን ራሳቸው ናቸው ያዘጋጁት።

እሱ መፍቻውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። አክስቷ ዝምተኛው የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነገሩ ከበደ ማለት ቃል ከአፉ አይወጣም ማለት ነው።

«ምንም አትልም?» አለች።

«ምን ልበል?»

«ለነገሩ አልመጣም ብሎ የማለ ሰው፣ አትሂጂ ለማለት ምን አፍ ይኖረዋል?»

ያን ጊዜ ነው የገባው። እየተንተባተበ፣ ከመካከል እየጀመረና ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ ስልኩን እንዴት እንዳነሳ፣ እናቷ ምን እንዳሉት፣ ለምን እንደማለ ሁሉንም ነገራት። እየሰማችው መዳፏ ቀስ እያለ ታጠፈ። ሲጨርስ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ ተቀመጠች።

«እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አልቆጣህም። እኔን ለማየት ብለህ ሆን ብለህ የነካካኸው ነገር አለ?»

ጥያቄው ከእናቷ ሲመጣ አሞት ነበር። ከእሷ ሲመጣ ግን ትንፋሹን ነው ያቆመው። ወደ ጫማው እያየ መለሰላት። «ሌብሉ ተሳስቶ ሰው መድኃኒቱን አሳስቶ ቢውጥ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። አንቺን ላይ ብዬ አንቺን አላስጠይቅም።»

ለአፍታ ፊቷን ወደ ተደረደሩት ማሽኖች አዞረች። ስትመለስ ዓይኗ ርሶ ነበር፤ ከንፈሯ ግን ይስቅ ነበር። «እንኳን አላደረግከው» አለች። ቀጥላም፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ብታደርገውም ትንሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ለማንም አትንገር» አለችው። ጠጋኙ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ከዚያ ፋርማሲስትነቷ መጣባት። ሕመምተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን ያምሃል ብቻ ሳይሆን መቼ መቼ ያምሃል ነው አለች፤ ማሽኑንም እንደዚያ እንጠይቀው። እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ያስባል። መቼ ነው የሚነሳበት? ጠዋት። እሱ ጠግኖት በዋለ ቀን፣ ማታ ሲዘጉ ደህና ነበር? ደህና ነበር። ማታ ምን ይሆናል? ይህን የምታውቀው እሷ ናት፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ዕቃ ያቃጥላል ብለው እናቷ ሁሉንም አጥፍተው፣ ሸፍነው ነው የሚወጡት። ጠዋት ማን ያበራዋል? እሳቸው፣ ማንም ሳይገባ። እሱ ተጠርቶ ሲመጣስ?

«እኔ» አለ ጠጋኙ። አለና ቀና አለ።

ተያዩ። ሁለቱም ያሰቡትን ለመናገር ፈሩ።

«ሲነቃ አይቼው አላውቅም» አለ ቀስ ብሎ። «ሁልጊዜ የምደርሰው ከታመመ በኋላ ነው።»

«ነገ ጠዋት ሲከፈት ተገኝ።»

«ደጁን ላልረግጥ ምያለሁ።»

ልጅቷ ተነሳች፤ ከመዳፏ ላይ የላጠችውን ሌብል በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ የሸሚዙ ኪስ ላይ ለጠፈችለት። «ስለ መስኮቱ ግን የማልከው ነገር የለም» አለችና ወጣች። የደረጃው ሥር ክፍል ከዚያ በፊት እንደዚያ ሰፍቶበት አያውቅም።

*

በማግስቱ ጠዋት ጠጋኙ ጫማ የሚመርጥ መስሎ ከጫማ መደብሩ መስታወት ፊት ቆመ። ከዚያ ሆኖ አንገቱን ትንሽ ዘንበል ሲያደርግ የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ይታየዋል። በቪታሚን ማስታወቂያውና በሕፃናት ወተት ማስታወቂያው መካከል አንድ ክንድ የሚያህል ክፍት ቦታ አለ፤ በዚያ በኩል ባንኮኒው፣ ባንኮኒው ላይ ደግሞ ዳንቴል የለበሰችው ትንሿ ፕሪንተር።

እናትየው መጡ። በሩን ከፈቱ፣ መብራቱን አበሩ፣ ቦርሳቸውን ሰቀሉ። ዳንቴሉን አንስተው በአራት አጠፉት። ማሽኑን በለስላሳ ጨርቅ ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት እንደ ሕፃን ፊት ጠረጉት። ጠጋኙ ደንበኞቹ ሁሉ ማሽናቸውን እንዲህ ቢይዙ ኖሮ ሱቁን በዘጋ ነበር። ማብሪያው ያለው ከጀርባው ነው። እናትየው ማሽኑ ተንሸራቶ እንዳይወድቅባቸው በግራ እጃቸው ከፊት ለፊት እቅፍ አድርገው ያዙት፤ ቀኝ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰድደው አበሩ።

የግራ እጃቸው አውራ ጣት ያረፈው ወረቀት በሚገፋው ቁልፍ ላይ ነበር።

ጠጋኙ ግንባሩን ከመስታወቱ ጋር አጋጨ። አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም አለችና ቆመች። ሙያውን ያስተማሩት አዛውንት ይህን ዓይነት ማሽን አንድ ጊዜ አሳይተውት ነበር። ያ ቁልፍ ተጭኖ ሳለ ከተቀሰቀሰ፣ ማሽኑ ጠጋኝ ሊፈትሸው የመጣ ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ የታዘዘውን አይጽፍም፤ ትዕዛዙን ራሱን፣ ሶፍትዌሩና እሱ በሆዳቸው የሚነጋገሩበትን ቁጥርና ምልክት እንዳለ ይዘረግፈዋል። አጥፍቶ በወጉ ማብራት ነው መድኃኒቱ። እሱም ሳያውቀው ሁልጊዜ ያደረገው ይህንኑ ነው። የበሽታውን ስም ሳያውቅ ሲያድን ከርሟል።

ደስታው ከእግሩ ተነስቶ ጉሮሮው ላይ ሲደርስ ግን ቀዘቀዘ። በሽታውን አግኝቷል፤ በሽታው የእሳቸው እጅ ነው። በሰው ፊት ቢናገር እውነቱ ይወጣለታል፣ ሴትየዋ ግን እስከ ዕድሜ ልካቸው አያዩትም። ዝም ቢል ልጅቷ ትሄዳለች።

ልጅቷና አክስቷ ደርሰው፣ የመድኃኒት ቤቱ በር ላይ ሻንጣ ቆሟል። ሰው መሰለፍ ጀምሯል፤ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ፣ የሚያስል ሕፃን ያዘለች ሴት፣ ሌሎችም። አክስትየዋ ከሒሳብ መቀበያቸው ሆነው በመስታወቱ አዩትና ቅንድባቸውን ሰቀሉ። ልጅቷ ወደ ውጭ ወጣች።

«አየህ?»

«አየሁ።»

«ታዲያ ፊትህ ለምን እንዲህ ሆነ?»

በሹክሹክታ ነገራት። ልነግራቸው አልችልም አለ፤ ሰው ቆሞ እያየ አይሆንም። አየችው። ስትስቅበት፣ ስትቀልድበት፣ ስትቆጣው አይቷት ያውቃል፤ እንደዚያ ጠዋት ግን አይታው አታውቅም። እናቷ በባለ መፍቻው እጅ መፍቻ ብቻ ነው የታያቸው። ለእሷ ግን የታያት እናቷን ከኀፍረት ለማዳን ዝም ሊል የተዘጋጀ ሰው ነው። መንገደኛው እያየ እጁን ያዘች።

«መሐላህ እንዳይፈርስ፣ ያስገባሁህ እኔ ነኝ» አለችው። «አንተ አልረገጥክም፤ ተጎትተህ ነው።»

*

ሲገቡ እናትየው ከማሽኑ የወጣውን የመጀመሪያ ሌብል ወደ ብርሃን አንስተው እያዩት ነበር። ጉንዳኖቹ እንደ ወትሮው ሄደውበታል። ከሌብሉ በላይ አሻግረው መጀመሪያ ጠጋኙን አዩ፤ ቀጥለው የተያያዙትን እጆች። ተሰላፊው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ሕፃኑ እንኳ ሳሉን ያቆመ መሰለ።

ልጅቷ አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክረው አለች። እናትየው መልስ አልሰጧትም፤ ከባንኮኒው ግን ገለል አሉ፤ እሺታ ሳይሆን ንቀት ነበር። ጠጋኙ ማሽኑን አጠፋ፣ አበራ። ልጅቷ ከሶፍትዌሩ ላይ የሽማግሌውን መድኃኒት መርጣ አዘዘች። ሌብሉ እየጮኸ ወጣ፤ ጥርት ያለ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ለሕፃን ልጅ እንኳ የሚነበብ።

ከተሰላፊዎቹ ውስጥ የሚያጨበጭብ ሊኖር ይችል ነበር። እናትየው ግን ቀደሙ። ጣታቸውን ወደ ጠጋኙ ቀስረው ወደ ሰልፉ ዞሩ።

«አያችሁልኝ? እኔ ምን ስል ነበር? እሱ ሲነካው ይሠራል! ነገ ጠዋት ደግሞ ኑና እዩት። ያደረገውን የሚያውቅ ነው የሚፈታው።»

ሰልፉ አጉረመረመ። ሴትየዋ እውነት አላቸው የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። ሽማግሌው በከዘራቸው ወለሉን መታ መታ አድርገው ዘንድሮ ሌባም ዘበኛም አንድ ሰው ሆኗል አሉ። ጠጋኙ እጁን ወደ ኋላው ሰብስቦ ቆመ። መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነው፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ምላሱ ጫፍ ላይ እንደያዛት አቀረቀረ።

ያን ጊዜ ልጅቷ ተናገረች። ጮኻ አይደለም።

«እማ፣ ማሽኑ ዛሬ ባይሠራም እኔ አልሄድም።»

«ምን አልሽ?»

«አልሄድም። ይህን ሰው እወደዋለሁ። ማሽኑን ስለሠራ አይደለም፤ ነገ ተመልሶ ቢበላሽም እወደዋለሁ። አጎቴ ዘንድም ብትልኪኝ፣ ሌላ አገርም ብትልኪኝ ያው ነው። ካንቺ ተደብቄ ላደርገው አልፈለግኩም፤ ለዚህ ነው በዋናው በር ያስገባሁት።»

አክስትየዋ ሳንቲም ይቆጥሩ ነበር፤ ጣላቸው። ጠጋኙ ይህን ቃል በሕልሙም ቢሆን የሚሰማው እሷ በጆሮው ስታንሾካሹክለት ነበር፤ በተሰለፈ ሕዝብ ፊት አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ከኋላ ወንበር ሲቀመጥ የኖረ ሰው አንድ ሰው ስሙን ከፊት ሲጠራው እንደሚነሳ፣ እንደዚያ ቀና አለ። እሷ እንዲህ ከተናገረች እሱ አቀርቅሮ ሊቆም አይችልም።

«እትዬ» አለ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። «እውነትዎን ነው፣ እኔ ስነካው ነው የሚሠራው። አሁን እኔ አልነካውም። እርስዎ ራስዎ ያብሩት።»

«ጠዋት አበራሁት እኮ!»

«አውቃለሁ። አሁን ደግሞ እንዳይወድቅብዎ ሌላ ሰው ከጎንና ከጎን ይያዝልዎ፤ እርስዎ ማብሪያውን ብቻ ይንኩት።»

አንተማ አትይዘውም አሉት። እኔማ አልይዘውም አለ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ ከሽማግሌው አጠገብ ቆመ፤ ሽማግሌውም ነገር እንዳያመልጣቸው መነጽራቸውን አወጡ። አክስትየዋ ከመቀበያቸው ወጥተው ማሽኑን በሁለት መዳፋቸው ከግራና ከቀኝ ያዙ። «እንደ ሙሽራ ልደግፈው እንዴ?» አሉ። እናትየው አጠፉ። እጃቸውን ወደ ኋላ ሰድደው አበሩ። ልጅቷ አዘዘች።

የወጣው ሌብል ጥርት ያለ ነበር።

እናትየው አነበቡት። ገልብጠው ጀርባውን አዩ፤ ጀርባው ባዶ ነው። ጠጋኙን አዩት፤ እጁ ከኋላው እንደታሰረ ነው። እኒህ ሴት ቂል አይደሉም፤ ቂል ቢሆኑ ያን ቤት ብቻቸውን አያቆሙትም ነበር። እህታቸውን በዓይናቸው ገለል አድርገው፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ ማሽኑን ማታ እንደሚያጠፉት አጠፉት። ከዚያ ጠዋት ጠዋት እንደሚያደርጉት በግራ እጃቸው እቅፍ አድርገው አበሩት። ልጅቷ አዘዘች።

ጉንዳኖቹ ወጡ።

አጠፉ። ግራ እጃቸውን አነሱ። አበሩ። ጥርት ያለ ሌብል። አጠፉ። አቀፉ። አበሩ። ጉንዳኖቹ። ከዚያ በኋላ ማሽኑን ማየት ትተው የግራ አውራ ጣታቸውን ማየት ጀመሩ፤ ቀጥሎ ጣቱ የሚያርፍበትን ቁልፍ። ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የእሳቸውን አውራ ጣት አየ።

«ይህን መቼ ነው ያወቅኸው?» አሉ፣ ዓይናቸውን ከጣታቸው ሳያነሱ።

«ዛሬ ጠዋት፣ በመስኮት።»

«ሌባ ስትባል፣ እንዲያ ስወርድብህ፣ ለምን አልተናገርክም?»

«በሰው ፊት?» አለ ጠጋኙ።

እናትየው የደንበኛ ወንበር ስበው ተቀመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጠርዝ ጠረጉት፤ ንጹሕ ነበር፣ እንደገና ጠረጉት። ፊታቸው መጀመሪያ እንደ ድንጋይ ነበር፤ ቀስ እያለ ከአገጫቸው ጀምሮ ላላ። ጠጋኙ መሸነፋቸውን ማየት አልቻለም። ቀረብ ብሎ፣ ለእሳቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ ስለሚሳሱለት ነው እትዬ፣ እንዳይወድቅ ብለው ነው አጥብቀው የሚይዙት አላቸው።

አክስትየዋ ግን ጆሯቸው የድመት ነው። «እታለም» አሉ፣ ወደ መቀበያቸው እየተመለሱ፣ «እንዳትወድቅብሽ ብለሽ አጥብቀሽ የያዝሻት ማሽኗን ብቻ ነው እንዴ?»

እናትየው ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። ልጅቷ አልሸሸችም፣ አላለቀሰችም፣ አልተማጸነችም። ጋዋኗን ለብሳ ከኮምፒውተሩ ኋላ ቆማለች፤ የአባቷ ቁመት፣ የእናቷ ግትርነት። እናትየው ይህችን ሴት ማን እንደሠራት ድንገት ያስታወሱ ይመስላሉ። ሳቅ አመለጣቸው። ትንሽ ሳቅ ነበር፤ ከዚያ ተለቀቀ፤ ከዚያ አክስትየዋም፣ ሕፃን ያዘለችውም፣ ሌባና ዘበኛ ያሉት ሽማግሌም ተከተሉ። እናትየው እየሳቁ ዓይናቸውን በአውራ ጣታቸው፣ በዚያው በጥፋተኛው ጣት፣ ጠረጉ።

«ስንት ቀን ሰው ስወቅስ ከረምኩ» አሉ። «ለካ ጥፋተኛው እጄ ላይ ነበር።»

ይህንን ያሉት ቀደም ሲል ጣታቸውን ቀስረው ለጮኹበት ለዚያው ሰልፍ፣ በዚያው ድምፅ ነው። ሁሉም እንዲሰማ። ለጠጋኙ የገባው ያን ጊዜ ነው፤ ልጅቷ ያን ያህል ድፍረት ከየት እንዳመጣች።

እናትየው ተነስተው ቀሚሳቸውን አስተካከሉ። ለእህታቸው፣ በሩ ላይ ያለውን ሻንጣ አንሺው፣ ሰው ያደናቅፋል አሉ። አክስትየዋ ወዴት ልውሰደው ቢሉ፣ ወዴት ይወሰዳል፣ ወደ ቤት ነዋ ተብለው ተገሠጹ። ከዚያ ወደ ጠጋኙ ዞሩ። ከጫማው ጀምሮ ወደ ላይ እንደገና አዩት። ዕቃ የሚገዛ ሰው እንዲህ አያይም፤ ዕቃውን መልሶ ሊሰጥ ፈልጎ ደረሰኙን ያጣ ሰው ካልሆነ በቀር።

«ስማ» አሉት። «ከእንግዲህ ማሽኑ ሲበላሽ እዚህ እንዳትመጣ።»

የልጅቷ ጣቶች ቁልፎቹ ላይ ቆሙ።

«ሳይበላሽ ና» አሉ እናትየው። «እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ቤት ና። መፍቻህን ሱቅህ ተወው፤ እኔ ላነጋግርህ የምፈልገው ሌላ ነው። መሐላህን እኔ ነኝ ያስማልኩህ፣ እኔው አንስቼልሃለሁ፣ ልጄ።»

ልጄ። ጠጋኙ ምን ብሎ እንደመለሰ አያስታውስም። አመሰግናለሁ ሳይል አይቀርም፤ ሁለት ጊዜ ሳይልም አይቀርም። ከባንኮኒው በላይ ከልጅቷ ጋር ዓይን ለዓይን ተገናኙ፤ ፊቷ ላይ ያለው ብርሃን ከየትኛውም መብራት የመጣ አልነበረም። ብዙ ሰው ስለተሰለፈ ሥራ አትፍቱ ተባሉ፤ እሱ ወደ ውጭ ወጣ።

ወጥቶ ግን አልሄደም። ከበሩ ጎን፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። መንገዱ እንደ ወትሮው ነው፤ ታክሲ ይጮኻል፣ ጫማ ሻጩ ዋጋ ይጠራል። ከውስጥ የትንሿ ፕሪንተር ድምፅ ይሰማል፤ ጭር፣ ጭር፣ ሌብል በሌብል ላይ። ከዚያ የእሷ ድምፅ። ሽማግሌው ዓይናቸው ስለሚደክም የወጣላቸውን ሌብል ቀስ እያለች ታነብላቸዋለች። ጠዋት አንድ። ማታ አንድ። ከምግብ በኋላ። በብዙ ውኃ። ሳያቋርጡ እስኪያልቅ ድረስ።

ጠጋኙ ግድግዳውን እንደተደገፈ ዓይኑን ጨፈነ። በዚህ ዓለም ላይ ከዚህ የሚበልጥ የፍቅር ቃል ተጽፎ እንደሆነ እሱ አያውቅም፤ ማወቅም አልፈለገም።